የአክስቴ ዱቤ፣ የፀጉር ሠሪዋ ሚዜዎች

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ መሸጥ ስጀምር የምተማመነው በዘመድ ነበር። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ሚስት፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኞች ሁሉም መጡ። መጡና ለበሱ፤ የከፈሉት ግን ጥቂት ናቸው። «ለበዓል እሰጥሻለሁ» ያሉ አክስት ደጃቸው ተቆሞ ዱቤ እንዴት ይጠየቃል? እኔ አልሆነልኝም። ሸማኔው ደግሞ ያለ ቀብድ ድር አያደራም።

ያወጣኝ የጎረቤት ሱቆች ዕቁብ ነው። 24 ሆነን በሳምንት 2,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ 48,000 ይወስዳል። ከብሩ ይልቅ የጠቀመኝ ዋሱ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ባለሱቆች ዋስ እንደሆኑልኝ የሰማው ሸማኔ፣ ከዚያ ወዲህ በግማሽ ቀብድ ይሠራልኝ ጀመር። እኔ ስለ ራሴ ብነግረው አይሰማኝም ነበር።

ጥፋቴ በዚያ ዕቁብ ብቻ ተወስኜ መቅረቴ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ገበያው ጭር ይላል። የቸገረው እኔን ብቻ ቢሆን ተበድሬ አልፈው ነበር። የምበደራቸው ሁሉ ግን እንደኔው ጥበብ ቀሚስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። የዕቁቡ ዳኛ ብቅ ሲል ግማሾቻችን ቡና ልንጠጣ እንወጣለን፤ ቡና ቤቱ ውስጥ ተገናኝተን የሳቅንበት ቀን አለ።

በዓመቱ በሰፈሬ ሌላ ዕቁብ ገባሁ። መዋጮው 500 ብር ብቻ ነው፤ አባላቱ ግን የታክሲ ሹፌር፣ አትክልት ነጋዴ፣ ግንበኛ፣ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ናቸው። ጾም ሲመጣ የአትክልት ነጋዴዋ ገበያ ይደራል። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ማን መቼ እንደምታገባ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ ሙሽራ ቀጠሮ የምትይዘው ከእሷ ዘንድ ነዋ! መጀመሪያ የላከችልኝ ስድስት ሚዜ አንድ ዓይነት ጥለት ፈልገው ነበር፤ የዚያን ያህል በአንድ ቀን ሸጬ አላውቅም። ኮሚሽን ልስጥሽ ብላት ተቆጣችኝ። አሁን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ሁሉ የእሷን ስልክ ይዛ ትወጣለች።

ለዘመድ ዱቤ መድኃኒት ያገኘሁለት በሠራተኛዬ ነው፤ «ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ናት» ብዬ ዞር እላለሁ። አክስቴ ግን የካቻምናውን የፋሲካ ቀሚስ እስካሁን አልከፈሉኝም። ሰሞኑን ደወሉ። የልጃቸው ሠርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው፤ ሚዜዎቿ ስምንት ናቸው።