ስድስት ነው ወይስ ሰባት?

ነገሩ የጀመረው ቨርጂኒያ ሥራ ቦታ ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ምንድነው ስላት የአያቷን አያት መቃብር አሳየችኝ። ፋይንድ ኤ ግሬቭ የሚባል ድረገጽ አለ፣ በነሱ አቆጣጠር 1995 ላይ የተጀመረ፣ ሰው በየመካነ መቃብሩ እየዞረ ድንጋዩን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስም እየጻፈ ይፈልጋል። እሷ እንዲህ እያለች ስንት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዳለች። "ያንቺስ?" አለችኝ። እኔ ደሞ የኛማ ሦስት ሺህ ዘመን ምናምን ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ምክንያቱም ሦስት ሺውን ተዉትና የአያቴ አባት የት እንደተቀበሩ እንኳን አላውቅም። ግራዝማች እንደነበሩ አውቃለሁ (እኛ ቤት ግራዝማች ከተባለ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ግራዝማች የለም)፣ መንዝ እንደሞቱ አውቃለሁ፣ በቃ።

በ2011 ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ አጎቴን መንዝ ውሰደኝ አልኩት። "መንዝ ምን አለሽ?" ሲለኝ መቃብር ላይ ማለት ከበደኝ፣ ዘመድ ልጠይቅ አልኩ። ደብረ ብርሃን አድረን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ሞላሌን አልፈን ወደ መሐል ሜዳ። የጥርን የመንዝ ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል፣ እኔ የቨርጂኒያ ጃኬቴን ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ አጎቴ ከዘመድ በርኖስ ተውሶ እንደ ንጉሥ ይንጎማለላል።

የደብሩን ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይገባችኋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደን ገባን። ጽድና ወይራ የሞላበት ግቢ ነው፣ ዙሪያው ባዶ ማሳ ሆኖ ደን የቀረው እዚያች አጥር ውስጥ ብቻ። እና መቃብሩስ? በሩ አጠገብ አዳዲሶቹ አሉ፣ ሴራሚክ የተለበጡ፣ የሟች ፎቶ በመስታወት፣ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ አንዱ እንደውም ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ከነሱ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ያለው ድንጋይ ነው። ክምር ድንጋይ፣ ሳር የዋጠው ክምር ድንጋይ፣ ዛፍ መሐሉ የበቀለበት ክምር ድንጋይ። ምንም አልተጻፈበትም። ያው የኛ ሰው ድሮ ሲሞት ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይቀበራል፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይከመርና አለቀ። ስም መጻፍ ማን አስቦት፣ ሁሉም ያውቀው የለ።

እኔ እኮ ስሄድ ስልኬ ላይ ከነዚያ የመቃብር አፖች አንዱን ጭኜ ነው የሄድኩት። ፎቶ አነሳለሁ፣ ስም እጽፋለሁ ብዬ። አጎቴ ሲያየኝ ሳቀ፣ "ክምሩን ፎቶ አንሺና ክምር ብለሽ ጻፊ" አለኝ።

ደሞ የባሰ አለ። አጥሩ በጣም ያምራል፣ በጥሩ ጥርብ ድንጋይ የታነጸ ነው፣ ድንጋዩ ከየት መጣ ስል አንዱ ዲያቆን ያለ ምንም ሐሳብ "ከዚሁ ከግቢው ተለቅሞ" አለኝ። የደብሩን ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ለክፋት አላደረጉትም፣ ግቢው ጠበበ፣ ክምሩን የሚጠይቅ ዘመድ ጠፋ፣ አጥር ደግሞ ያስፈልጋል። ግን ሆዴን ቅር አለው፣ አሁንም ቅር ይለዋል።

ማታ ቤት ስንገባ የአያቴ ወንድም ሚስት እሳት ዳር ቁጭ ብለው ነገሬን ሰሙኝ። ሰማንያን ያለፉ ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። "ልጄ፣ እኔ ለዚህ ቤት ስዳር ግራዝማች አፈር ከሆኑ ቆይተዋል፣ ግን ከጽዱ ሥር ናቸው ሲሉ እሰማ ነበር" አሉኝ። ከጽዱ ሥር! ግቢው ውስጥ ያለው ጽድ ቢቆጠር ያመሻል። ታዲያ አያቴስ ለምን አልነገረችንም? ይሄን እማማ ናቸው የነገሩኝ፣ ምክንያቱም አላየችም። ግራዝማች ሲሞቱ አያቴ አዲስ አበባ አባቴን አርግዛ ነበር፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገርም፣ ወልዳ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው ጎህ ሳይቀድ ሄደው ያረዷት። ቀብሩን አላየችም፣ ተዝካሩ አልፏታል፣ ከዚያ በኋላም በእግሯ እዚያ ቦታ መቆም አልቻለችም መሰለኝ። ይቺን "አርግዛ ነበር" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እማማ እኔ አንድ መቃብር ፍለጋ ከአሜሪካ መምጣቴ ግራ ነው የገባቸው። እሳቸው እዚያው ምድጃ ዳር የግራዝማችን ወገን በአባትም በእናትም እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ፣ እኔ ማስታወሻዬ ላይ ከአምስተኛው በኋላ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠፋኝ። ይሄ ለጨዋታ የተያዘ ነገር አልነበረም። መሬት ነው። ድሮ መንዝ ውስጥ ርስት የሚገኘው ከዋናው አባት መወለድህን ስታስረዳ ነው፣ በእናትህም በኩል ቢሆን፣ በአባትህም፣ ዳኛ ፊት ቆመህ እስከዚያ ድረስ መቁጠር ካቃተህ መሬቱ ይቀርብሃል። እዚያው መንዝ ያለውን የጓሳን ሳር እንኳን እዩ፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው ያቀኑት ይባላል፣ ሳሩን ማጨድ የሚችለው የነሱ ዘር የሆነ ነበር፣ ቀኑን የሚወስኑ አለቆች ነበሩ። እንዲህ በዘር የሚወረሰው መሬት ስሙስ ምንድነው? አጽመ ርስት። አጽም! እኔ ይሄን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው አንድም ቀን አጥንት ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው እፎይ አለ፣ እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ የአባትህን አያት አያት ብታውቅ ባታውቅ ማንም አይጠይቅህም። አጎቴ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ባጃጅ የሚነዳው ልጁ አያቱ ላይ ደርሶ "ከዚያማ እንጃ" ይላል። አሁን ቆጠራ ትዝ የሚለን ሽማግሌ ሲላክ ብቻ ነው፣ ልጅቷ ከሰባት ቤት ውስጥ ትሆን እንዴ ተብሎ።

በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ይዘውን ዞሩ። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ፣ ከትልቅ ጽድ ሥር (አዎ ጽድ)፣ ወደ አንድ ጎን የዘመመ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ላዩ ላይ መስቀል ተፍቆበታል፣ ከመስቀሉ በታች ጽሑፍ። ነጭና ቢጫ ነገር ወሮታል። እኔ በጥፍሬ ልፍቅ ስል ቄሱ እጄን መቱኝ። እዚያ ቦታ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ እንዳትፍቁ፣ በብረት ብሩሽ እንዳትነኩ፣ ኖራም እንዳትቀቡ፣ ፊደሉ ከነ ድንጋዩ ነው የሚረግፈው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ሂዱ፣ ካልሆነ የስልክ መብራት ድንጋዩ ላይ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። እኛም በርኖሱን ከላይ እንደ ድንኳን ይዘን በስልክ መብራት ነው ያነበብነው።

"ዝንቱ መቃብሩ ለግራዝማች ወልደ..." ይላል። እኔ ዘለልኩ። አጎቴ ግን "የኛ አይደለም" አለ። ምክንያቱም ስሙ ሌላ ነው። እኛ የምናውቀው ስም የለም፣ የአባት ስም የለም፣ የክርስትና ስም ብቻ ነው። (ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም፣ የዘመድ ልጆች ይቆጡኛል።) ቤተሰብ ፍለጋ ላይ የኛ አገር ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል፣ ፍትሐቱ ላይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፣ ስለዚህ ድንጋዩም ላይ የሚጻፈው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ግን የሚያውቀው የቤቱን ስም ነው፣ ሰውየው ፊት ለፊትህ ተኝቶ አታውቀውም። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፣ ስም በየትውልዱ አንድ እየገፋ ይሄዳል፣ የሥራ ባልደረባዬ ስሚዝ ብላ ጽፋ እንደምታወጣው የሚወጣ አይደለም።

መፍትሔው የተገኘው በዳዊት ነው። ተስፋ ቆርጠን ቤት ስንመለስ እማማ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርደው የግራዝማችን ዳዊት አወጡ፣ የብራና ነው፣ ጭስ የጠጣ። ድሮ ሰው ዳዊት ሲያስጽፍ ጸሐፊው በጸሎቶቹ መጨረሻ "ዕቀቦ ለገብርከ" ብሎ የአስጻፊውን የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ያስገባል። ገለጥነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ስም ነው! አንድ ጊዜ አይደለም፣ እየደጋገመ። አጎቴ ሦስት ቦታ አንብቦ ዝም አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

(በነገራችን ላይ እናንተም ቤት ዳዊት ካለ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ባዶ ቅጠል እዩት፣ ልደት፣ ክርስትና፣ የበሬ ዋጋ ሳይቀር ይጻፍበታል። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም እንደዚያው ናቸው፣ ደርግ ሊገባ ሲል ጀምሮ ብዙ ሺህ የብራና መጽሐፍ በማይክሮፊልም ተነስቶ ቅጂው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ አለ፣ ብዙው አሁን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ እሱ ላይ አፍጥጫለሁ።)

ቀረን ዓመቱ። ከሰዓት ተመልሰን ሄድን። "አዕረፈ" ይላል፣ የካቲት ይላል፣ ከዚያ ፲፱፻፵ እና አንድ የተበላ ቁጥር። እኔ ፮ ነው አልኩ፣ አጎቴ ፯ ነው አለ፣ የግእዝ ስድስትና ሰባት እንኳን በተበላ ድንጋይ ላይ በወረቀትም ይምታታሉ። ተከራከርን። ቄሰ ገበዙ ሲሰሙን ቆዩና ከቁጥሩ በታች በጣታቸው ነኩ፣ "በዘመነ ሉቃስ" ይላል እኮ አሉ። እንግዲህ ቁጥሩን ለማታውቁ፣ ዓመተ ምህረቱ ላይ 5500 ትደምራላችሁ፣ ለአራት ታካፍላላችሁ፣ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እኔ በስልኬ ካልኩሌተር ስፈልግ ሰውየው በጣታቸው ጨርሰውታል። 1946 ብንል 7446፣ ሁለት ይተርፋል፣ ማርቆስ። 1947 ብንል 7447፣ ሦስት ይተርፋል፣ ሉቃስ። ፯ ነው። አጎቴ አሁንም ድረስ በዚህ ይኮራብኛል።

ከግራዝማች ወንድሞች አንዱ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ የሉም። "በዋሻው ቀሩ" ነው የሚባለው። ዋሻው ዘረት ነው፣ አመጸኛ ዋሻም ይሉታል፣ በ1931 ሚያዝያ መግቢያ ላይ ጣሊያን ዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞች ከነ ሴቶቹና ከነ ሕፃናቱ በመርዝ ጋዝ የፈጀበት። ነገሩ በጣሊያን በኩል ስንት ዘመን ተዳፍኖ ኖሮ አንድ የራሳቸው ተመራማሪ ከጦር ሰነዳቸው ውስጥ አወጣው። አጽሙ እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው። መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አጎቴ መንገዱን ሳይሆን እኔን አይቶ "ዘንድሮ አይሆንም" አለኝ፣ አልተከራከርኩትም።

የመጨረሻው ማታ እማማ ማስታወሻዬን አስወጡኝና ያለውንም የሞተውንም ከነ ክርስትና ስሙ አስጻፉኝ፣ ቤት በቤት፣ ማንንም ሳይዘሉ፣ የሞቱ ሕፃናትን ሳይቀር። እኔ ጋ ሲደርሱ "ያንቺስ የክርስትና ስምሽ ማነው?" አሉ። ዝም አልኩ። ወለተ የሆነ ነገር ነው። እናቴን ልጠይቅ ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። እማማ ምንም አላሉም፣ ብቻ እዚያች መስመር ላይ ቦታ ተዪበት አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ኔትወርክ መጣና መጀመሪያ አባቴን ደወልኩለት። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? አባቴ መታወቂያውም፣ የሥራ ፋይሉም፣ ጡረታውም ላይ የተወለደው 1946 ነው። ግራዝማች የሞቱት ደግሞ የካቲት 1947፣ እሱም ያኔ ገና ሆድ ውስጥ ነበር። "አባዬ፣ ከመታወቂያህ በትንሹ አንድ ዓመት ታንሳለህ" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "እና የአንድ ዓመት ደሞዜን ማን ይመልስልኛል?" አለ፣ እየቀለደ መስሎኝ ስስቅ ለካ የምሩን ነው፣ በስድሳ ዓመትህ ውጣ ያሉኝ ገና በሃምሳ ዘጠኜ ነዋ እያለ መቁጠር ጀመረ።

እናቴን አገናኘኝ አልኩና የክርስትና ስሜን ጠየቅኋት። "ወለተ ማርያም" አለች ቶሎ ብላ። ከኋላ አባቴ "ኧረ ወለተ ሥላሴ ነች!" ሲል ሰማሁት። "አንተ ደሞ የራስህን ዕድሜ እንኳን አታውቅ" አለችው። ስልኩን ስዘጋ ገና እየተከራከሩ ነበር።