የስለላ ልብ ወለድ ስትገዙ መጀመሪያ የጀርባውን ሽፋን ሸፍኑት

ይህን የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ተው፣ ያንን መጽሐፍ ገና ነው፣ አስቀምጠው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ አልለፈልፍም ነበር።

በአንድ ዓመት 20 የስለላና የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶችን ላነብ ወሰንኩ። «የግድ መነበብ ያለባቸው» የሚል ዝርዝር አገኘሁ፣ አተምኩት፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ እያነበብኩ በእስክሪብቶ መሰረዝ ጀመርኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም ታሪክ የለውም።

አጀማመሬ አሪፍ ነበር። የጆን ባካንን «ዘ ሰርቲ ናይን ስቴፕስ» በአንድ ቀን ጨረስኩት። በ1915 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ባካን የጻፈው ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ ነው፤ መጽሐፉ ግን ከዳር እስከ ዳር ሩጫ ነው። ሰውየው ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ ደግሞ ይሮጣል። የማይታመን አጋጣሚ ይበዛበታል፣ ግን «እንዴት ሆኖ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ጊዜ አይሰጣችሁም። ቀጥሎ የሱመርሴት ሞም «አሸንደን»፣ 1928። ይሄኛው ተቃራኒው ነው። ሞም ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሰልሏል፣ ስለዚህ ሥራው ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ያውቃል። ሆቴል ውስጥ መቀመጥ። መልእክት መጠበቅ። ለምን እንደታዘዝክ ሳይነገርህ የታዘዝከውን መፈጸም። መኪና ሲገለበጥና ህንጻ ሲጋይ ማየት የሚፈልግ ሰው አይጀምረው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ከዚያ ትንሽ ገንዘብ ተበላሁ። ኤሪክ አምብለር በ1939 ያወጣው «ዘ ማስክ ኦፍ ዲሚትሪዮስ» የሚባል ግሩም መጽሐፍ አለ። ለአንድ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ኢስታንቡል ውስጥ የወንጀለኛ አስከሬን ያሳዩታል፣ እሱም የሟቹን ያለፈ ሕይወት ከአገር አገር እየዞረ መቆፈር ይጀምራል። በጣም ስለወደድኩት ወዲያው የዚሁ ደራሲ «ኤ ኮፊን ፎር ዲሚትሪዮስ» የሚለውን አዘዝኩ። ክፍል ሁለት መስሎኝ! ያው መጽሐፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታተመው በዚህ ርዕስ ነው። የኬን ፎሌት «አይ ኦፍ ዘ ኒድል»ም በ1978 መጀመሪያ የወጣው «ስቶርም አይላንድ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያዋን አንቀጽ አስተያዩ። ይሄ ቀላሉ ስህተቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ዝርዝሬ ላይ ጆን ለ ካሬ ሦስት ቦታ ነበር። ትክክለኛ ስሙ ዴቪድ ኮርንዌል ነው፣ ራሱም በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤቶች ሠርቷል። ሰው ሁሉ «እሱን ሳታነብ ስለላ አነበብኩ አትበል» ይላል። ልክ ናቸው። ግን የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚነበብ የነገረኝ የለም። ዝርዝሩ የተደረደረው በደረጃ ነው፣ ምርጥ የተባለው ከላይ። የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ምንም አይልም። እኔም ቀድሞ እጄ የገባውን አነበብኩ። እጄ የገባው ደግሞ «ዘ ኦነረብል ስኩልቦይ» ነበር።

አሮጌ እትም ነው፣ ወፍራም። የሦስት መጽሐፍ ተከታታይ ሁለተኛው መሆኑን የሚናገር አንዲት ቃል የፊት ሽፋኑ ላይ የለም። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ እከሌ የሚባለው ከሃዲ ከተጋለጠ በኋላ ጆርጅ ስማይሊ የፈራረሰውን መሥሪያ ቤት ተረከበ ይላል። ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። እሺ አልኩ። ያኔ ለእኔ ተራ የፈረንጅ ስም ነው። መጽሐፉን አነበብኩ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለውን ክፍል ወደድኩት፣ ግድግዳው ላይ ሰረዝኩት፣ አለፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ»ን ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በ1974 የወጣ ነው። በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት አናት ላይ ሶቪየቶች ለዓመታት የተከሉት ሰው አለ። ፍልፈል ይሉታል፣ ከሥር ስለሚቆፍር። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ የታወቀው በዋናነት ለ ካሬ ስለተጠቀመበት ነው። ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም አለቆች፣ ሁሉም የድሮ ባልደረቦች። ከሥራ የተገፋው ስማይሊ በድብቅ ተጠርቶ ፋይል ያገላብጣል፣ ሰው ያናግራል፣ የድሮውን ያስታውሳል። መጽሐፉ የተሰቀለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ማን ነው?

ማታ ነው። ሻይ አፍልቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ጥዬ፣ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ስሙ እንዲሁ በወሬ መሃል መጣ፣ ማንም ሳያጎላው። ዓይኔ አልፎት ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። ይሄን ስም የት ነው የማውቀው? ሻዩን አስቀመጥኩ። ተነስቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፣ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ስቤ ገለበጥኩት።

አለ። ከነአባቱ።

ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ አለ። ከዚያ በራሴ ላይ የባሰውን አደረግኩ። ምናልባት ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ ብዬ ስልኬን አመጣሁና ስሙን ጻፍኩት። ጽፌ እንኳን አልጨረስኩም። መፈለጊያው ራሱ «ፍልፈሉ» ብሎ ጨረሰልኝ። ይሄንን በማንም ላይ ማላከክ አልችልም፣ የራሴ ጅልነት ነው።

አሳታሚውን ግን አልተውኩትም። በዚያው ሌሊት ረጅም ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመሸጥ የመጀመሪያውን መግደል ምን የሚሉት ነገር ነው? ሽፋኑ ላይ «ሁለተኛ መጽሐፍ» የሚል ሁለት ቃል ቢጨመር ምን ይጎድላል? ከ11 ቀን በኋላ መልስ መጣ። ስለ ፍላጎቴ አመስግነው፣ ታሪኩ ከታተመ ረጅም ጊዜ ስለሆነው ይዘቱ እንደታወቀ ይቆጠራል አሉ። በማን ነው የታወቀው? መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው ካልሆነ ለማን ነው የሚሸጠው? እንደገና ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ዝም ብለዋል። ይሄው፣ አሁንም ሳስበው ያበግነኛል። ስሙን እዚህ አልጻፍኩትም፣ አስተውሉልኝ። እኔ ያደረግኩትን አንድ ማተሚያ ሙሉ ሰው ማድረግ አቃተው።

መጽሐፉን ግን ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነው። እንዲያውም ማወቄ ያሳየኝ ነገር አለ። ሲጋለጥ ባልደረቦቹ ሙሉ በሙሉ አይደነግጡም። ውስጥ ውስጡን የሚያውቁት፣ ግን ለመናገር የፈሩት ነገር ነበር። ያንን ፍርሃት እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አየሁት። ሆኖም የቀረብኝ ነገር አለ፣ እሱም መልሱ አይደለም። መልሱን ማንም መጨረሻ ላይ ያገኘዋል። የቀረብኝ መጠርጠር ነው። ያኛው ሰው በር ዘግቶ ሲያወራ «አሃ፣ አንተ ነህ» ማለት፣ ሃምሳ ገጽ ቆይቶ ደግሞ ማፈር። እሱን ነው የቀሙኝ።

«ታዲያ መጨረሻው የሚታወቅ ነገር ልብ አይሰቅልም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ማስረጃዬ የፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ነው። ቅጥር ነፍሰ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዝዳንት ሻርል ደ ጎልን ሊገድል ይነሳል። ደ ጎል በ1970 ቤቱ ውስጥ ነው የሞተው፣ መጽሐፉ የወጣው በ1971 ነው፤ አንባቢው ሁሉ እንደማይሳካ ያውቃል። ግን ገዳዩ ጫካ ውስጥ አንድ ሜሎን የሰው ፊት ስሎበት ዛፍ ላይ ሲያንጠለጥል፣ ርቆ ሄዶ ሲያነጣጥር፣ ስቶ ጠመንጃውን በጥቂቱ ሲያስተካክል፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ደጋግሞ ይተኩሳል። የመጨረሻዋ ጥይት ልዩ ናት። ሜሎኑ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። የፊልም ዳይሬክተሩ ሒችኮክ እንዳለው ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ቦምብ ተመልካቹ ካወቀና የተቀመጡት ሰዎች ካላወቁ ተራ ወሬያቸው ሁሉ ያስጨንቃል። ፎርሳይት ቦምቡን ሆን ብሎ አሳየን። የእኔ አሳታሚ ግን ደራሲው የደበቀውን ነው ያወጣው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የግርሃም ግሪን «ዘ ሂዩማን ፋክተር» (1978) ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ምስጢር የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ በኋላ ነው ለእሱ መፍራት የምትጀምሩት። ግሪን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ኪም ፊልቢ ሥር ሠርቷል፤ ፊልቢ ማለት በ1963 ወደ ሞስኮ የከዳው፣ ለለ ካሬ ፍልፈል መነሻ የሆነው እውነተኛ ሰው ነው። ግሪን ከዳተኛውን የሚያየው በጥላቻ አይደለም። ይሄ አንዳንዱን አንባቢ ያናድደዋል። እኔን አላናደደኝም፣ ግን ጨርሼው ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር።

እንግዲህ ለ ካሬን እንደ እኔ አታንብቡት። ብዙዎች «በ1963ቱ ‹ዘ ስፓይ ሁ ኬም ኢን ፍሮም ዘ ኮልድ› ጀምር፣ ከሱ በፊት ያሉት ልምምድ ናቸው» ይሏችኋል። አልስማማም። በ1961ዱ «ኮል ፎር ዘ ዴድ» ጀምሩ። አጭር ነው፣ ስማይሊ ማን እንደሆነ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይነግራችኋል፣ «ዘ ስፓይ» ውስጥ የምታገኙት ሙንት የሚባል ሰውም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ «ዘ ስፓይ»፣ ከዚያ «ቲንከር ቴይለር»፣ ከዚያ «ስኩልቦይ»፣ መጨረሻ ላይ «ስማይሊስ ፒፕል»። «ስኩልቦይ» ከረዘመባችሁ መዝለል ይቻላል። አዎ፣ ይሄን ሁሉ ስለ ቅደም ተከተል ጮኼ አሁን ዝለሉ እያልኩ ነው። ወደፊት መዝለል ሌላ፣ ወደኋላ መሄድ ሌላ።

ሁለተኛ፣ መቅድም አታንብቡ። የቆዩ መጻሕፍት ላይ አንድ የተማረ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሙሉውን ታሪክ ይዘረግፈዋል። ስትጨርሱ ተመለሱበት፣ ያኔ ጥሩ ነገር ይገኝበታል።

ሦስተኛ፣ ግራ ስትጋቡ ኢንተርኔት አትክፈቱ። ለ ካሬ መሥሪያ ቤቱን «ሰርከስ» ይለዋል፣ ክትትልና የመሳሰለውን የሚሠሩትን «ፋኖስ ለኳሾች» ይላቸዋል፣ ምንም አያብራራም። ይሁን። መቶ ገጽ ስትሄዱ ይገባችኋል። ስም ከበዛባችሁ ወረቀት ያዙ። እኔ አሁን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ወረቀት አጥፌ ውስጡ አስቀምጣለሁ፣ ስምና አንድ ቃል ብቻ፦ «ወፍራሙ»፣ «ፒፓ የሚያጨሰው»፣ «የሚዋሽ ይመስለኛል»።

ፊልሙን አይቻለሁ ብላችሁ መጽሐፉን የምትዘሉም አላችሁ። የሮበርት ሉድለም «ዘ ቦርን አይደንቲቲ» (1980) እና የ2002ቱ ፊልም የሚገናኙት ሰውየው ማን እንደሆነ አለማስታወሱ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። መጽሐፉ ውስጥ ካርሎስ የሚባለው ነፍሰ ገዳይ አለ፣ ፊልሙ ውስጥ የለም። ቶም ክላንሲ? «ዘ ሀንት ፎር ሬድ ኦክቶበር» ላይ ስለ መሣሪያ የሚያወራውን ግማሹን ሳላነብ አልፌዋለሁ። ይቅር በሉኝ።

በዓመቱ መጨረሻ የቀረኝ የሌን ዴይተን ሦስት ተከታታይ ነበር፤ «በርሊን ጌም»፣ «ሜክሲኮ ሴት»፣ «ለንደን ማች»፣ ከ1983 እስከ 1985። እዚህም ከሃዲ አለ፣ እዚህም ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ያጋልጣል። በዚህ ጊዜ ግን ተምሬያለሁ። ሦስቱንም ሳልገልጥ፣ ዓይኔን ወደ ጎን አድርጌ፣ እንደ ተማሪ ደብተር በጋዜጣ ለበጥኳቸው። ላያቸው ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ጻፍኩ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። «በርሊን ጌም»ን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጨርስ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ «አይ!» አልኩ። በትልቁ ተሳስቼ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አሁን «ቲንከር ቴይለር»ን ለታናሽ እህቴ አውሼያታለሁ፣ እሱንም በጋዜጣ ለብጬ። በየሁለት ቀኑ ማታ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት፣ «እሱ ነው አይደል? ሁሉም ነገር ላይ አለቃ ልሁን የሚለው?» አለችኝ።

«አንብቢ» አልኳት።

ትናንት ደግሞ ሌላ ሰው ይዛ መጣች፣ ያኛው አይደለም ብላ ምላ ተገዝታ። ምክንያቷን ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳችኝ፣ የትኛው ስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ እየቆጠረች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ሰማኋት።