መብራት በጠፋ ዕለት የገጠምኩት ቴስታታ

ቶርክ ቁልፍ ብሎኑ በልኩ መጥበቁን ለመንገር «ቀጭ» ሲል ደስ ይለኛል። ያን ዕለት አሥሩም ብሎን ተራውን ጠብቆ «ቀጭ» አለ፤ እጄን ጠርጌ፣ ኮፈኑን ዘግቼ፣ መኪናውን በኩራት አስረከብሁ። በአራተኛው ቀን ራዲያተሩ እንደ ሽሮ ድስት እየተንተከተከ ተመልሶ መጣ።

መኪናው ባለ 16 ቫልቭ፣ 1.6 ሊትር አሮጌ ኮሮላ ነው። ባለቤቱ ከባሕር ዳር ሲመለስ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው ዳገት ላይ አፈላበት። ቆሞ እስኪበርድ እንደ መጠበቅ በጄሪካን የያዘውን ቀዝቃዛ ውሃ ደፋበት። ሲሊንደሮቹን የያዘው የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት ነው፤ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀት የሚለጠጠው የብረቱን እጥፍ ያህል ነው። የጋለ አሉሚኒየም ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው ቴስታታውን በገዛ እጁ እያጣመመ ነው። ተጎትቶ እኛ ጋር ሲደርስ፣ በዘይት መለኪያው ላይ የወጣው ዘይት ሳይሆን ማኪያቶ ነበር፤ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል።

የነገሩ ሥር የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እንዲታገሥ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ለመቀየር የሚሰስት ባለመኪና ለቴስታታ ሲከፍል አይቼ አዝኜለት አላውቅም።

ማውረዱ አላስቸገረኝም። ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሀል በጥቂት በጥቂቱ አላልቼ፣ እንደ አቀማመጣቸው ካርቶን ላይ ሰካኋቸው። አንዱ ረድፍ ከሌላው ስለሚረዝም ማቀላቀል አይቻልም። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ክፍተቱን በፊለር፣ በስስ የብረት መለኪያ፣ ስለካው ጥመቱ ከሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር እጥፍ በላይ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጨሁት፤ ከሶማሌ ተራም በቴስታታውና በብሎኩ መሀል ገብቶ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን አዲስ ገዛሁ።

ቴስታታ ሲነሳ በብሎኩ ውስጥ የቀረው ውሃ ይፈስሳል። ፈስሶ የሚጠራቀመው ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው፤ ታቻቸው ድፍን ስለሆነ መውጫ የለውም። ፎርማናችን ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፉ «ልጄ፣ ቀዳዳዎቹን በደንብ ንፋቸው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልሁ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ኮምፕረሰሩ ሁለት ቀዳዳ ነፍቶ ትንፋሹ አለቀ። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ እንጀራው ይኸው መኪና ነው። ወደ ቀዳዳዎቹ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከላይ ሲታዩ ደረቅ ናቸው። በዚያ ላይ የብሎኖቹን ጥርስ ስስ አድርጎ ዘይት መቀባት ሲገባኝ፣ እንዲፈጥንልኝ ብዬ በዘይት ማጠጫው እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። በውሃ ላይ ዘይት ጨመርሁበት ማለት ነው።

ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቅሁ። የመጨረሻው ዙር 60 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእኛ አነጋገር 6 ኪሎ። አራተኛው ሲሊንደር ጥግ ያለው ብሎን ከጓደኞቹ ቀድሞ «ቀጭ» አለ። ገና ሲጀምር ጠንክሮ ነበር። ጥሩ የያዘ ብሎን ነው ብዬ አለፍሁት። ዛሬም ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ እጄ ነግሮኝ ነበር።

መኪናው ሲመለስ ፎርማናችን አልተቆጡም። እንደገና አስወረዱኝ። ካቻቪቴ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው የጥጉ ቀዳዳ ውስጥ ሰደዱና መዝዘው አፍንጫዬ ሥር ያዙት። ጨርቁ ይንጠባጠባል።

«6 ኪሎ ያጠበቅኸው ይኼንን ነው» አሉ።

ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም። ብሎኑ ወርዶ ፈሳሹ ላይ ሲቀመጥ ወደ ታች መሄዱን ያቆማል፤ ቁልፉ ግን የሚያውቀው መጥበቁን እንጂ ምን እንዳጠበቀው አይደለም፣ «ቀጭ» ይላል። ቴስታታው በዚያ በኩል ጓርኒሲዮኑን በቅጡ አልተጫነውም ነበር። ሌሎቹ ሦስት ሲሊንደሮች ዙሪያ ያለው ቀለበት እኩል ተጨፍልቋል፤ የአራተኛው ግን ወደ ውሃው መንገድ የሚሄድ ጥቁር የጥላሸት መስመር ሠርቷል። ራዲያተሩን ያንተከተከው በዚያ የሾለከው ጋዝ ነው።

«በጉልበት ብትቀጥል ኖሮስ?» ብለው ወደ ጋራዡ ጀርባ ወሰዱኝ። ምሳ ስንበላ የምንቀመጥበት አሮጌ ብሎክ አለ። በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ቁልቁል የወረደ ስንጥቅ አሳዩኝ። ስንት ዓመት ተቀምጬበት አይቼው አላውቅም። ማን እንደ ሰነጠቀው አልጠየቅሁም።

ሁለተኛውን ጊዜ መብራት ነበረ፤ ቢሆንም ከነፋሁ በኋላ አሥሩንም ቀዳዳ ሽቦ ላይ በጠመጠምሁት ጨርቅ፣ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ጠረግሁ። አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ስለማይደገም የአዲሱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። የእጅ ዋጋውን ፎርማናችን ተዉልኝ።

ባለቤቱ አሁንም ደንበኛችን ነው። ዘይት ሊቀይር ሲመጣ ኮፈኑን ሳይከፍት በፊት ወደ ኮምፕረሰሩ እያየ ይጠይቀኛል፤ «ወንድሜ፣ ዛሬ መብራት አለ?»