ክፍተቱን ከስቲከሩ በፊት

ኅዳር፣ ቱሉ ዲምቱ

ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳ ደርቋል። በዚህ ሰሞን በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ቀለም የሚያስቀባው፣ መጋረጃ የሚሰቅለው፣ የግድግዳ ስቲከር የሚለጥፈው ብዙ ነው። ስለ ስቲከር ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ሰው የሚጨነቀው ስለ ስቲከሩ መልክ ነው፣ ክፍሉን የሚያሳምረው ወይም የሚያጨናንቀው ግን በስቲከሮቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ግድግዳ ነው። በተለይ በእኛ ጠባብ ክፍሎች።

በአንድ መስመር ለሚደረደሩ ስቲከሮች ሒሳቡ ቀላል ነው። የግድግዳው ወርድ 320 ሴንቲ ሜትር፣ ስቲከሮቹ 5፣ የእያንዳንዳቸው ወርድ 22 ቢሆን፣ ስቲከሮቹ 110 ይወስዱና 210 ይቀራል። አምስት ስቲከር ግራና ቀኙን ጨምሮ ስድስት ክፍተት ስላለው 210 ለ6 ሲካፈል 35 ይደርሳል። ስለዚህ የስቲከሮቹ የግራ ጠርዝ 35፣ 92፣ 149፣ 206 እና 263 ላይ ያርፋል። ይህ እዚያው ግድግዳ ላይ ተጀምሮ ለሚያልቅ ድርድር ነው። መስመሩ ጥጉን ዞሮ ወደ ቀጣዩ ግድግዳ የሚሻገር ከሆነ 210ን ለ5 አካፍሎ በመካከል 42፣ በሁለቱ ዳር ደግሞ የዚያን ግማሽ 21 መተው ይሻላል። የዚህኛው ግድግዳ 21 ከዚያኛው 21 ጋር ጥጉ ላይ ሲገናኝ እንደገና 42 ይሆናል፤ ዓይንም ሳይደናቀፍ ያልፋል።

ምልክት ሲደረግ ሜትሩ ጥጉን ሳይለቅ ሁሉም ነጥብ ከዚያው ከአንድ መነሻ ይለካ። ከአንዱ ስቲከር ወደ ቀጣዩ እየለኩ መሄድ ስህተትን ያጠራቅማል፤ በእያንዳንዱ ልኬት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ አሥረኛው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የመጨረሻው ስቲከር በሩ መቃን ላይ ይለጠፋል። ለምልክት ከእርሳስ ይልቅ ትናንሽ የወረቀት ፕላስተር ቁራጭ እመርጣለሁ፤ እርሳስ ነጭ ቀለም ላይ ሲጠረግ ያቆሽሻል።

መስመሩን ከምን ጋር ማስተካከል እንዳለብን ደግሞ ብዙ ሰው አያስብበትም። ኮርኒሱም ወለሉም ሁልጊዜ ልክ አይደሉም፤ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያዘነብል ኮርኒስ ብርቅ አይደለም። ድርድሩ ከኮርኒሱ በታች 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ኮርኒሱን ይከተል፤ በውሃ ልክ ከተሠራ በአንደኛው ጫፍ 20፣ በሌላኛው 22 ሆኖ ጠማማው ስቲከሩ ይመስላል። በግድግዳው ወገብ ላይ ከሆነ ግን በአቅራቢያው የሚነጻጸርበት መስመር ስለሌለ ውሃ ልኩን ይመን። ለቁመት ሥራ፣ ለምሳሌ ለዛፍ ግንድ፣ ክር ላይ የታሰረ ቱምቢ (ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚያንጠለጥል ክብደት) ይበቃል።

ነጥብ፣ ኮከብ ወይም ልብ ግድግዳውን ሙሉ ሲበተን ክፍተቱ የስቲከሩን ብዛት ይወስናል። በየረድፉ ከመሃል እስከ መሃል 30 ሴንቲ ሜትር፣ በረድፎቹ መካከል 15 ተደርጎ፣ ሁለተኛው ረድፍ በ15 ከተገፋ (ከላዩ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል እንዲገባ) 3 ሜትር በ2.40 የሆነ ግድግዳ 160 ያህል ነጥብ ይፈልጋል። 30ው ወደ 40፣ 15ቱ ወደ 20 ሲሰፋ 90 ይበቃል። ለመኝታ ቤት ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ከአልጋ ላይ ሲያዩት ዓይን ያደክማል። ያለ ሥርዓት የተበተነ እንዲመስል ከተፈለገም ሥርዓት ያስፈልገዋል፦ ትልልቆቹን ቀድሞ አራርቆ ማስቀመጥ፣ መካከለኞቹን በመሃላቸው፣ ትንንሾቹን በመጨረሻ፤ ሦስት ስቲከር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንዳይውል መጠንቀቅ። ሁሉንም ከነጀርባ ወረቀታቸው በወረቀት ፕላስተር አንጠልጥሎ ከበሩ ላይ በስልክ ፎቶ ማንሳትና ፎቶውን ገልብጦ ማየት ነው። ተገልብጦ ሲታይ ቅርጹ ይረሳና የታጨቀው ቦታና የሳሳው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ከሶፋ በላይ የሚለጠፍ ሥራ የሶፋውን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ለ210 ሴንቲ ሜትር ሶፋ 140 ማለት ነው። ከመደገፊያው በላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ከዚያ ካነሰ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት እየታከከው የፀጉር ቅባት ጠርዙን ያስለቅቀዋል። ብቻውን ባዶ ግድግዳ ላይ ለሚሆን ሥዕል መሃሉ ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይስማማል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ በሚውልበት ሳሎን ወደ 130 ዝቅ ባደርገው ደስ ይለኛል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ግን ከስቲከር ነፃ ይሁን፤ የከሰሉ ሙቀት ሙጫውን ያላላል፣ የዕጣኑ ጢስ ደግሞ ነጩን ያጠይማል።

ዛፍና ወፎች በብዛት ይሸጣሉ፤ በብዛትም ይበላሻሉ። ግንዱ ቀድሞ፣ ከዚያ ቅርንጫፎቹ፣ ከዚያ ቅጠሎቹ፣ ወፎቹ በመጨረሻ ይለጠፉ። ዛፉ ከጥጉ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅና ቅርንጫፉ ወደ ክፍሉ መሃል ይዘርጋ። ወፎቹም ወደ ክፍሉ ይብረሩ፤ ወደ ጥጉ የዞረ ወፍ ከግድግዳ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ክፍተታቸው እኩል አይሁን፦ ከዛፉ አጠገብ 10፣ ቀጥሎ 18፣ ቀጥሎ 30 እያለ ሲሰፋ መብረራቸው ይታያል። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ በመንገድ ላይ ካለ ቅጠል ቆርጦ ከማስገባት ቅርንጫፉን በሙሉ ማዞር ይሻላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ሲሆን ማስመሪያ ብቻውን አይበቃም። የፊደሎቻችን ወርድ በጣም ይለያያል፤ ጠ እና ሐ ሰፋፊ፣ ነ እና ገ ጠባብ ናቸው። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ደግሞ በቀኝ በኩል ቅጥያ አላቸው፤ ክፍተቱ ከእግሩ ሳይሆን ከቅጥያው ጫፍ መለካት አለበት፣ አለዚያ ሊ ወይም ሌ ከቀጣዩ ፊደል ጋር ይጣበቃል። በቃላት መካከል አንድ ጠባብ ፊደል የሚያህል ቦታ ይበቃል። በፕሎተር (ስቲከር በሚቆርጥ ማሽን) የሚያስቆርጥ ሰው ጽሑፉ አንድ ላይ በግልጽ ፕላስተር ተይዞ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ፊደል በፊደል መለጠፍ ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ ልኬት የሚጠቅመው ግድግዳው ከያዘ ነው። በጂፕሰም ተስተካክሎ በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ጥሩ ይይዛል፤ ሻካራ የኳርትዝ ቀለም ሙጫውን በጉብታዎቹ ላይ ብቻ ስለሚያስነካው ጠርዙ ቶሎ ይነሳል። ቀለሙን በመዳፍ ሲያሹት ነጭ ዱቄት ከለቀቀ ስቲከሩ የሚጣበቀው ዱቄቱ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ይጠረግና እንደገና ይቀባ። አዲስ ቀለም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጠበቅ፣ ውስጡ የቀረው እርጥበት እብጠት ይፈጥራልና። ለጭቃ ቤት ስቲከሩን ቀለም በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፎ መስቀል ይሻላል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫው ይደነድናል። ፀሐይ ግድግዳውን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መለጠፍ ይመቻል። ስቲከሩ መሃሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ይታሰርና ግማሹ ተገልጦ የጀርባ ወረቀቱ ይቆረጥ፤ ከመሃል ወደ ዳር በስስ ጨርቅ በተጠቀለለ የባንክ ካርድ ይታሽ፣ ከዚያ ሌላኛው ግማሽ። ግልጹ ፕላስተር ወደ ኋላ ታጥፎ ግድግዳውን ተጠግቶ ቀስ እያለ ይሳብ፤ ወደ ፊት ከተጎተተ ስቲከሩን ይዞ ይመጣል። ለመስታወት የሚሠራበት የሳሙና ውሃ ለቀለም ግድግዳ አይሆንም። የቀረ አረፋ በመርፌ ጫፍ ይበሳና ወደ ቀዳዳው ይገፋ።

ከአንድ እሽግ ሲሶውን አለመለጠፍ እወዳለሁ። የተረፉት ከጀርባ ወረቀታቸው ጋር ሳይጠቀለሉ በሁለት ካርቶን መሃል ተኝተው ከፀሐይ ርቀው ቢቀመጡ ልጅ የላጠውን ወይም ወንበር የፋቀውን ለመተካት ይደርሳሉ። የተበላሸው ሲነሳ በፎን (በፀጉር ማድረቂያ) ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሞቅና ከጥጉ ቀስ ተብሎ ይላጥ፤ በደረቁ ከተጎተተ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።