ኡቡንቱ ሲታደስ የጂዲቢ ፕለጊን ለምን ይሰበራል?

ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ ራሳችሁ የጻፋችሁት የጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው ዲበገር) ፕለጊን አልነሳም ካለ፣ ተርሚናል ላይ ፓይተንን ከፍታችሁ አትፈትሹ። መልሱ ያሳስታችኋል። ጂዲቢ የሚሠራው በሆዱ ይዞት በሚዞረው ፓይተን ነው፤ ያነቃችሁትን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለብቻው የተለየ የፓይተን ፓኬጆች ፎልደር) አያየውም። ያ በሆዱ ያለው ፓይተን ደግሞ ከ3.10 ወደ 3.12 ተቀይሯል።

ስለዚህ ራሱን ጂዲቢን ጠይቁት። በ«ዳሽ ኤንኤክስ» አስነሱት፤ እንዲህ ሲሆን የመነሻ ፋይሎችን አያነብም። «ፓይተን» ብላችሁ ኢንተር ምቱ፤ ሲስን ኢምፖርት አድርጉና ሲስ ዶት ቨርዥንን፣ ቀጥሎም ሲስ ዶት ፓዝን (ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) ፕሪንት አድርጉ፤ በ«ኤንድ» ዝጉ። ከዚያ ፕለጊኑን በ«ሶርስ» ትእዛዝ በእጃችሁ ጫኑት። በሲስ ዶት ፓዝ ዝርዝር ውስጥ 3.10 የሚል ፎልደር ካያችሁ ባሽአርሲ (ተርሚናሉ ሲከፈት የሚያነበው ፋይል) ውስጥ ተረስቶ የቀረ ፓይተንፓዝ፣ ማለትም ዝርዝሩ ላይ ፎልደር የሚጨምር መስመር፣ ሳይኖር አይቀርም። እሱ ተንኮለኛ ነው፤ በንጹሕ ፓይተን የተጻፈው ፓኬጅ ይጫናል፣ ለ3.10 ኮምፓይል የተደረገው ግን እምቢ ይላል።

ስህተቱ «ኢምፕ የሚባል ሞጁል የለም» ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከፓይተን ጋር አብረው ይመጡ የነበሩት ኢምፕም ዲስትዩቲልስም ከ3.12 ወጥተዋል። ኢምፕን ለሪሎድ ብቻ ከተጠቀማችሁ በኢምፖርትሊብ ተኩት፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የኢምፕን ሎድ ሶርስ (ሞጁልን ከፋይል አድራሻው የሚጭነውን) ከተጠቀማችሁ ግን ቀጥተኛ ምትክ የለውም። በኢምፖርትሊብ ዶት ዩቲል ከፋይሉ ስፔክ (ሞጁሉ ከየት እንደሚጫን የሚገልጽ መረጃ) ታወጣላችሁ፣ ከስፔኩ ሞጁል ትፈጥራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ኤግዜክ ሞጁልን ትጠራላችሁ። ሦስተኛውን ከረሳችሁ ስህተት ሳይታይ ባዶ ሞጁል ይደርሳችኋል።

የጎደለው የውጭ ፓኬጅ ከሆነ የፓይተን ፓኬጅ ጫኙ ፒፕ የሲስተሙን ፓይተን አልነካም ይላችኋል። በግድ የሚያስጭነውን አማራጭ ተዉት። በሲስተሙ በ3.12 አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ፍጠሩ፣ ፓኬጁን እዚያ ጫኑ፣ የሳይት ፓኬጅስ ፎልደሩን አድራሻ በጂዲቢኢኒት (ጂዲቢ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል) ውስጥ ሲስ ዶት ፓዝ ላይ ጨምሩ። ይህ መስመር ፕለጊኑን ከሚጠራው «ሶርስ» በላይ መሆን አለበት። የድሮውን ፎልደር ገልብጦ ማምጣት አይሠራም።

የሚያደክመው ሲጫን ምንም ስህተት ሳያሳይ ዝም የሚለው ነው። ፕለጊኑ ተጭኗል፣ ቬክተራችሁ ግን እንደ ጥሬ ስትራክት ይታተማል። «ኢንፎ ፕሪቲ ፕሪንተር» በሉ፤ ዳታን በሚነበብ መልክ የሚያሳትሙትን ፕሪንተሮች ይዘረዝራል። የፕሪንተራችሁ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ አንድም የታይፑን ስም የሚያዛምደው ሬጅክስ (የጽሑፍ ማዛመጃ ቀመር) አልያዘም፣ አንድም ፕሪንተሩ ላይብረሪው ሲታደስ ስሙ የተቀየረ ፊልድ እየፈለገ ነው። «ሴት ፓይተን ፕሪንት ስታክ ፉል» ብላችሁ እንደገና አሳትሙ፤ የወደቀበትን መስመር ከነቁጥሩ ያወጣዋል።

የፕሪንተሩ ስም ከነጭራሹ ከሌለ በራሳቸው የሚጫኑ ስክሪፕቶችን የሚያሳየውን «ኢንፎ ኦቶ ሎድ»ን እዩ። ጂዲቢ ስክሪፕቱን በራሱ የሚጭነው አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ከላይብረሪው ሙሉ ስም ጋር አንድ ሆኖ መጨረሻው «ዳሽ ጂዲቢ ዶት ፓይ» ሲሆን ነው። ሙሉ ስም ስል ሲምሊንኩን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁመውን አቋራጭ) አይደለም፣ እውነተኛውን ፋይል ነው። ላይብረሪው ከ1.2.3 ወደ 1.2.4 ካለፈ ስክሪፕቱም አብሮ ስሙ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ጂዲቢ አያየውም፣ አያማርርምም። ስሙ ትክክል ሆኖ የታመኑ ፎልደሮች ዝርዝር የሆነው «ኦቶ ሎድ ሴፍ ፓዝ» ከከለከለው የስክሪፕቱን ፎልደር ብቻ በጂዲቢኢኒት ፍቀዱለት። ኢንተርኔት ላይ የሚመከረው ሩትን (የፋይል ሲስተሙን ሥር) በሙሉ መፍቀድ፣ ያወረዳችሁት ፕሮጀክት ሁሉ ዲበግ ስታደርጉት ኮዱን በእናንተ ስም እንዲያስኬድ በር መክፈት ነው።