ነፋስ ጠቋሚዎቹን ፍለጋ፦ ከቦስተን እስከ ቨርሞንት

ቦስተን ውስጥ ፋንዩል ሆል ከተባለው ነባር የስብሰባ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጠጥኩ። ጉልላቱ ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠች የመዳብ ፌንጣ አለች። ዓይኖቿ መስታወት ናቸው። ሼም ድራውን የተባለ የከተማው መዳብ አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1742 ሠራት። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ትጠቁማለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነፋስ ጠቋሚው ከሚዞርበት ዘንግ በስተኋላ ያለው ጎን ሰፋ ይላል። ነፋሱ ያንን ይገፋዋል፤ ፊቱ ነፋሱ ወደመጣበት ይዞራል። መርከበኛውም ገበሬውም ይህን አይቶ ነበር የአየሩን ጠባይ የሚገምተው። እዚህ አገር በክረምት ከሰሜን ምሥራቅ ከነፈሰ ማዕበል አይቀርም።

ፌንጣዋ ብዙ አይታለች። በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቃ ተጠገነች። በ1974 ደግሞ ጠፋች ተባለ! ከቀናት በኋላ የተገኘችው እዚያው ጉልላቱ ውስጥ ነው፣ በአሮጌ ባንዲራ ተሸፍና።

ከዚያ በመኪና ወደ ቨርሞንት፣ ወደ ሸልበርን ሙዚየም። በ1947 የመሠረተችው ባለጸጋዋ ኤሌክትራ ሃቭማየር ዌብ ናት። እናቷ የታወቁ የፈረንሳይ ሥዕሎች ሰብሳቢ ነበረች። ልጅቷ ግን ሌላው ለቁራሌው የሚሰጠውን ዕቃ፣ ነፋስ ጠቋሚዎችንም ጭምር፣ ጥበብ ነው ብላ ሰበሰበች።

ነፋስ ጠቋሚ ሁሉ እንደ ፌንጣዋ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማሳቹሴትስ ዋልተም ውስጥ ኩሺንግ ኤንድ ዋይት የተባለ ድርጅት በካታሎግ ይሸጣቸው ነበር። መጀመሪያ ቅርጹ ከእንጨት ይጠረባል። በእሱ ልክ የብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ይወጣል። ስስ መዳብ ሞልዱ ውስጥ እየተቀጠቀጠ ሁለት ግማሽ ይሠራና ይበየዳል። የፋብሪካ ዕቃ የሕዝብ ጥበብ ሊባል ነው? እኔ ይባላል ባይ ነኝ። ግማሹን የሠራው ጣሪያው ነዋ! ወርቁ ተልጦ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጎረምሶች ዒላማ የተለማመዱባቸው፣ የጥይት ቀዳዳ ያለባቸውም አሉ። ሙዚየም ውስጥ ግን አይዞሩም፤ ይሄ ቅር አሰኝቶኛል። አንዱን ፈረስ እፍ ልለው ቃጥቶኝ ነበር፣ ጥበቃው ባያየኝ።

ዋጋቸው አይጣል ነው። በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ በነባር አሜሪካዊ አለቃ መልክ የተሠራ አንዱ በጨረታ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶለታል። ገበያው ገና መናር ሲጀምር ሌቦች በሄሊኮፕተር ጭምር ከጎተራ ጣሪያ ላይ ይነቅሏቸው ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ ያየኋቸውን ሁሉ ጥንታዊ ናቸው ብዬ አልምልም። ብዙ ቦታ ጣሪያው ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ወይ ተሽጧል ወይ ተቆልፎበታል።