የስኳር ሕመምና የሬቲና ብግነት፦ ከቡድን ጥናታችን እስካሁን ያገኘሁት

በድሬዳዋ በስኳር ሕመም ክትትል ላይ የምንሠራ ጥቂት ነርሶች ስለ ሬቲና (ብርሃንን ስለሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) በቡድን ማጥናት ከጀመርን ወዲህ የደረስኩበትን፣ ዘግይታችሁ ለምትቀላቀሉን ባልደረቦች በጽሑፍ ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዓላማዬ የዓይን ሕክምናን ማስተማር አይደለም፤ ታካሚውን ከዓይን ሐኪሙ በፊት የምናገኘው እኛ በመሆናችን ልናውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ስኳር የዓይንን የደም ሥሮች ይጎዳል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በመካከል ያለውን ሂደት፣ ማለትም ብግነትን (የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ለጉዳት የሚሰጡትን ምላሽ)፣ አያሳይም። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ አይካም-1 የተባለውን አጣባቂ ፕሮቲን አብዝቶ ያወጣል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በእርሱ አማካይነት ከግድግዳው ጋር እየተጣበቁ አንዳንዱን ሥር ይዘጋሉ፣ በሚለቁት ንጥረ ነገርም ግድግዳውን ያቆስላሉ። ኦክስጅን ያጠረው የሬቲና ክፍል ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህም የደም ሥሮቹ ፈሳሽ እንዲያሳልፉ ከማድረጉ በላይ አይካም-1ን መልሶ ስለሚያበዛ፣ አንዱ ጉዳት ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል። በሬቲና ውስጥ የሚኖሩት የመከላከያ ሕዋሳት፣ ማይክሮግሊያ፣ ሲነቁም ብግነትን የሚያባብሱ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ በዚህም የደም ሥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ የነርቭ ሕዋሳቱም ይጎዳሉ። ፈሳሹ የሬቲና መካከለኛ ክፍል በሆነው በማኩላ ላይ ሲጠራቀም ሰው ማንበብና ፊት መለየት ይሳነዋል።

ብግነት ተጠያቂ መሆኑ የተጠረጠረው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም አስፕሪን መሰል መድኃኒት በብዛት ይወስዱ የነበሩ የስኳር ሕመምተኞች ሬቲናቸው ያነሰ ጉዳት እንደነበረበት ተመዘገበ። ኋላ 3,711 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በቀን 650 ሚሊግራም አስፕሪን የሬቲናን ጉዳት እንደማይገታ አሳየ። በእኔ አስተያየት ይህ ውጤት የብግነትን ድርሻ አያስቀርም፤ መጠኑ መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሰዎች ይወስዱት ከነበረው ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ ማንም ታካሚ ዓይኔን ይጠብቅልኛል ብሎ አስፕሪን እንዳይጀምር መንገር ግዴታችን ነው።

ታዲያ ብግነትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? በዓይን ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ የማኩላን እብጠት በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዓይን ሞራን ያፋጥናል፣ የዓይን ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ስቴሮይድ ከሌዘር ሕክምና ጋር የተሰጣቸው ዓይኖች በጥቅሉ ሌዘር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ አላዩም፤ ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ራኒቢዙማብ ግን የተሻለ ውጤት ሰጠ። ሞራቸው አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ዓይኖች ላይ ስቴሮይዱም ለራኒቢዙማብ የተቃረበ ውጤት ማስገኘቱ፣ ጥቅሙን የሸፈነው በአብዛኛው ሞራው መሆኑን ያመለክታል።

ለሥራችን ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። ታካሚዎቻችን «ዓይኔ አልቀላም፣ አላመመኝምም» ሲሉ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ሬቲና የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮች የሉትም፤ ስለዚህ ይህ ብግነት ሳያቀላና ሳያሳምም፣ አንዳንዴም ሰውየው የእይታ መፈተሻ ሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር እያነበበ፣ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ብሌኑ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሽንሌ ወይም ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሰው ለምርመራው ሌላ ቀን ተመለስ ከሚባል፣ መድኃኒቱን በሚወስድበት ቀን ቢታይ እመርጣለሁ።

በቀጣይ የምናነበው ስለ እርጅና የማኩላ ሕመም ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኮምፕሊመንት የተባለውን የመከላከያ ሥርዓት የሚቆጣጠር ዘረ መል ከዚህ ሕመም ጋር መያያዙ ታወቀ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀዱት ሁለት መድኃኒቶችም ይህንኑ ሥርዓት በማገድ የማኩላውን መመናመን ያዘገያሉ፣ የጠፋውን እይታ ግን አይመልሱም።